ሥራ ቦታ በልቻለሁ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ

እንዴት ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። የሆቴሉን አንሶላ አሁንም የማጥበው እኔ ነኝ። አዲሷ አለቃችን እንደ አማት ከኋላዬ እየተከተለች እጥፋቱን ትመረምራለች፤ እስካሁን ግን እንከን አላገኘችም፣ እሷም በዚህ በግናለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጠያቂዋ ነው። የድሃ ቤት ልጆች እንዴት እንደሚያድጉ የሚያጠኑት ሰዎች አንቺ አንደኛ ክፍል ስትገቢ ቤታችንን በዕጣ መርጠው የላኩብንን፣ በየዓመቱ ቅጽ ይዛ የምትመጣዋን ሴት ታስታውሻታለሽ አይደል? በመጣች ቁጥር የልብስ ሰፊውን አራት ወንበሮች ተሸክመን የምናመጣውንስ? ዕጣ የደረሰው ጎረቤት ሁሉ በየተራው ይዋሳቸው ነበር። ሰውየውም፣ "ሰፈሩን ከእኔ ይልቅ ወንበሮቼ ያውቁታል" እያለ ይስቅብናል።

ሐሙስ ዕለት መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ቁጭ ብላ ቅጿን ሳትከፍት፣ "እትዬ፣ ይህን ልነግርዎት አይገባኝም ነበር" አለችኝ። "በመልሳችሁ መሠረት ይህ ሰፈር ችግር የለበትም። የትምህርት ቤቱ ቁርስ ሊቀር ነው።"

ክው አልኩ። አንቺ በዚያ ቁርስ ነው ያደግሽው፤ ዛሬም የሰፈሩ ሕፃናት በጠዋት በደጄ እየተንጫጩ ወደዚያው ይሮጣሉ።

"የድሮውን መልስ ማረም ይቻላል?" አልኳት።

"ይቻላል።"

"እንግዲያው ወንበሮቹን ሰርዢያቸው።"

"ስንቱን?"

"አራቱንም። ይሄ የተቀመጥሽበትም የሰው ነው።"

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ፣ በየዓመቱ "ኧረ ምን ሲደረግ!" የምላትን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "ልጅዎ እንድትበላ ብለው እርስዎ ጦምዎን ያደሩበት ቀን ነበር?"

"ነበር" አልኳት። ስንት ቀን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን መቁጠር አቃተኝ።

ሰሃኑን ወደ አንቺ እየገፋሁ፣ "አንቺ ብዪ፣ እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ" የምልሽን ታስታውሻለሽ? ሆቴሉ ለአጣቢዎች ምግብ ሰጥቶ አያውቅም፣ ልጄ። ለሴትዮዋ የዋሸሁት አፍሬ ነው፤ ላንቺ የዋሸሁት ግን እህሉ ጉሮሮሽ ላይ እንዳይቆምብሽ ነው።

ልብስ ሰፊውም ወሬውን ሲሰማ፣ ዕጣ የደረሳቸውን ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየዞረ መልሳቸውን አሳረማቸው። የቁርሱ ነገር በሚመጣው ወር ይለይለታል።

ሐሙስ ዕለት ጠያቂዋን ሸኝቼ ስመለስ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ትምህርቱም ሥራውም ደህና ነው ብለሻል፤ ለእኔም ገንዘብ መላኩን አላቋረጥሽም። መጨረሻው ላይ፣ "ስለ ምግብ አታስቢ እማዬ፣ ሥራ ቦታ እበላለሁ" ይላል።

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

በዚህ ወር ምንም እንዳትልኪልኝ፤ ብትልኪም አልቀበልም። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የደግ ሰው ጎረቤት ያድርግሽ። መልስ ስትጽፊልኝ ከሰላምታው በፊት፣ ዛሬ ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ። እውነቱን።

እናትሽ