አልጋ ተብላ ስለተጫነችው ብስክሌታችን

ለተከበሩ የደሴቶች ጀልባ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ለታላላቅ ሰዎች ደብዳቤ የመጻፍ ልምድ ስለሌለኝ፣ አንዳንድ ቦታ ምስጋናዬ ከልክ ያለፈ ቢመስልዎ በአላዋቂነቴ ይለፉኝ።

ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ያስተዋወቀን በየአውቶቡስ ፌርማታው የተለጠፈው ውብ ማስታወቂያዎ ነው፤ «ብስክሌትዎን ይዘው ይምጡ፤ አራት ደሴት፣ አምስት ቀን፤ ቀሪውን ለእኛ ይተዉት» ይላል። ለታላቅ ወንድሜ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እርሱ ሠላሳ ዓመት በብረታ ብረት ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ሁለቱንም ዓይኖቹን ወስዶበታል። ድሮ ብስክሌት ላይ የተወለደ ይመስል የነበረ ሰው፣ እነዚህን አራት ዓመታት ከሶፋው እስከ በረንዳው ሲመላለስ ከረመ። ማስታወቂያውን ሲሰማ «እስቲ ሁለቱን አሮጌ ብስክሌቶች ከዕቃ ቤት አውጪልኝ» አለኝ። እርሱ በጣቱ እየለካ፣ የድሮ ባልደረቦቹ እየበየዱ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን አጋጥመው ባለ ሁለት መቀመጫ አደረጓቸው። ከፊት እኔ እመራለሁ፣ ከኋላ ጋሼ ይረግጣል።

የመጀመሪያውን ደሴት ዳር እስከ ዳር ዞርነው፤ ማንም ምንም አላለንም። በኋላ እንደሰማሁት ሠራተኞችዎ በሙሉ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከስብሰባው ከተመለሱ በኋላ ለተደረገልን መስተንግዶ ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሁለተኛው ደሴት ልንሻገር ስንል ብስክሌታችንን በሜትር ለለካልን ትኬት ቆራጭዎ ምስጋና ይድረሰው። እኔ እንጀራዬ ሜትር ነው፤ እንደ እርሱ በፍቅር የሚለካ ሰው ግን አላየሁም፤ ሦስት ጊዜ ለካት። ከዚያም በመመሪያው መሠረት ብስክሌት ማለት ከአንድ ሜትር ከሰማንያ የማይበልጥ እንደሆነ፣ የእኛዋ ግን ሁለት ሜትር ከአርባ ስለሆነች ብስክሌት አለመሆኗን አረዳን። ወንድሜ በትሕትና «ታዲያ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ቆራጩ የዕቃዎቹን ዝርዝር በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ ቁም ሣጥን አለፈ፣ የልብስ ስፌት መኪና አለፈ፣ በሬም አለፈ፤ በመጨረሻም በቁመት የምትቀርባት አልጋ ናት ብሎ «አልጋ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ ፔዳል ያለው አልጋ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ስለ ፔዳል የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም አለው። ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛ፤ የቤት ዕቃ በጭነት ጀልባ እንጂ በሰው ጀልባ እንደማይሄድ፣ ከዕቃውም ጋር ባለቤቱ ብቻ እንደሚጫን ለደነገገው መመሪያዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትኬቱ በወንድሜ ስም ስለነበር የአልጋዋ ባለቤት እርሱ ሆኖ ተገኘ። «እሱ እኮ አያይም!» ብዬ ብጮህ፣ ቆራጭዎ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ዕቃውን እንዲያጅብ ነው የሚፈለገው፤ እንዲያይማ ማን ጠየቀው?» አለኝ። ወንድሜ ክርክር አይወድም። «ተይው እባክሽ፤ ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ። ወዴት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» አለና ሁለት ጫኚዎች ደግፈውት በሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ተቀመጠ። ጀልባው ከራቀ በኋላ ስልኩ የተቀመጠው በእኔ ቦርሳ ውስጥ መሆኑን አስታወስኩ።

ሦስተኛ፤ እኔን የጫነችው የመንገደኞች ጀልባ ሁለተኛው ደሴት ላይ ሳትቆም እንድታልፍ ስላደረጉ። የተለየ ምስጋና የሚገባው ይህ ነው። ከመስኮቱ ሆኜ ወደቡን አየሁት፤ እየቀረበ መጣ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ሮጬ ካፒቴኑ ዘንድ ደረስኩ። ነገ እርስዎ ለጉብኝት ስለሚመጡ የወደቡ አጥር ቀለም እየተቀባ እንደሆነ፣ እስኪደርቅም ድረስ መንገደኛ እንዳይደገፍበት ወደቡ ለመንገደኞች ጀልባ መዘጋቱን አስረዳኝ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም አልቅሼ ብጠይቀው «እህቴ፣ እኔ የያዝኩት መሪ እንጂ ሥልጣን አይደለም» አለ። መልካም ሰው ነው፤ መሐረቡን ሰጥቶኛል።

አራተኛ፤ ሦስተኛው ደሴት ላይ ስወርድ በመረጃ መስጫዎ የተቀበለችኝ ሠራተኛ ጥፍሯን እየሞረደችም ቢሆን ችግሬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሰው ሲጠፋ የሚሞላ ቅጽ እንደሌላቸው፣ የጠፋ ዕቃ ቅጽ ግን እንዳላቸው ነገረችኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሞላሁት። ቀለም፦ ጠይም። የተሠራበት ዘመን፦ የዛሬ ስድሳ ሁለት ዓመት። የሚታይ ብልሽት፦ ዓይን። ቅጹ በውስጡ ያለው ንብረት ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩት። ወደብ ላይ አንድ እርምጃ ቢሳሳት ባሕር እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያስብ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

አምስተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የተደረገልኝን ያደረገልኝ መሥሪያ ቤትዎ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት ጀልባ ነጂ ያለ ትኬት ጫነኝ። መልኩን አልነግርዎትም፤ ቁመቱንም እንዲለኩት አልፈቅድም። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ከውኃው ላይ አላነሳሁም፤ የምፈልገው ምን እንደሆነ ለራሴም መናገር ፈርቼ ነበር።

ደሴቱ ሲቀርብ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ አንድ ረጅም ነገር ቁልቁለቱን ሲንደረደር አየሁ። ብስክሌታችን ናት። ከፊት ቱታው በነጭ ቀለም የተዥጎረጎረ ሰው ተቀምጧል፤ ከኋላ ወንድሜ፣ ባርኔጣው የት እንደወደቀ እንጃ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ከፔዳሉ ላይ አንሥቶ አፉን ከፍቶ ይስቃል። አራት ዓመት ያልሰማሁት ሣቅ ነው። ክቡር ሆይ፣ መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ንድድ አለኝ። ወርጄ «ጋሼ፣ ልቤን ቀጥ ልታደርጋት ነው?» ብዬ ብጮህበት «ልብሽንስ ተይው፣ የኋላው ጎማ ነው የተነፈሰው፤ ፓምፑን አምጪ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ወደቡ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተገትሮ ኖሯል። አጥሩን ይቀባ የነበረው የእርስዎ ቀለም ቀቢ መጀመሪያ ውኃ ሰጠው፤ ቀጥሎ ጥላ ወዳለበት ወሰደው፤ በመጨረሻም ብሩሹን ነዳጅ ውስጥ ነክሮ አስቀመጠና «ከምንቀመጥ ለምን አንዞርም? እኔም ይቺን ደሴት በቅጡ ዞሬያት አላውቅም» አለው። መንገዱን ሁሉ የሚያየውን እየነገረው ሄደ፤ የሚናገረው ግን በቀለም ቀቢ ቋንቋ ነበር፤ እዚህ ጋ ሰማያዊው ላይ ነጭ ጠብ ተደርጎበታል፣ እዚያ ጋ በደንብ አልተበጠበጠም፣ ያ ገደል ሁለተኛ ቅብ ይፈልጋል እያለ። ያን ቀን ማታ ወንድሜ «አንቺ ጉድጓድ አለ፣ ድንጋይ አለ ብቻ ነው የምትይኝ፤ እሱ ባሕሩን አሳየኝ» አለኝ። ከእርስዎ መመሪያዎች ሁሉ የበለጠ ያመመኝ ይህ ነው፤ ትክክል ስለነበረ።

በአምስተኛው ቀን በሁለተኛው ደሴት በኩል ስንመለስ ቀለም ቀቢውን ልናመሰግን ሰው ጠይቀን ቤቱ ሄድን። በሥራ ሰዓት ቤቱ ተቀምጦ ብናገኘው ደነገጥን፤ እርሱ ዕረፍት ላይ ነኝ ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ የስንብት ደብዳቤውን አውጥታ ያሳየችን ባለቤቱ ናት። እርስዎ ለጉብኝት በመጡ ጊዜ አጥሩን ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ዝገት ሆኖ ስላገኙት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ «ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታውን ትቶ በመዝናናቱ» ከሥራ ተሰናብቷል። ሴትየዋ አላለቀሰችም፣ አልለመነችንምም፤ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው። ወንድሜ ሲወጣ በሩን ስቶ ግድግዳውን ሲዳብስ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ወንድሜን ከአልጋ ጋር ላስጫነው፣ ወደቡን ለዘጋው፣ በዕቃ ቅጽ ላስመዘገበኝ ማንም ሰው ቅጣት አልጠይቅም፤ ሁሉም መመሪያዎን አክብረዋል። በዚያ ቀን መመሪያዎን የጣሰ አንድ ቀለም ቀቢ ብቻ ነው፤ እርሱን ወደ ሥራው ይመልሱልን። የቀረውን ግማሽ አጥር፣ ብሩሽ ከሰጡን፣ ወንድሜ እየዳበሰ፣ እኔ እየተከተልኩ እንጨርስልዎታለን።

ወረፋዬን ጠብቄ፣ ቅጼን ሞልቼ፣ ከመስኮትዎ ማዶ በታላቅ አክብሮት የቆምኩ፣
የዩኒፎርም ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ቢሮዎ በሄድኩ ጊዜ በሩ ላይ አዲስ የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብኩ፤ ቀለም ቀቢ እንደሚፈልጉ፣ ልምዱም ከአሥር ዓመት የማያንስ፣ «የተቸገረ ጎብኚ ሲያጋጥመው በራሱ ተነሣሽነት የሚረዳ» መሆን እንዳለበት ይላል። ይህን የሚያሟላ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን እረዳለሁ፤ አንድ ነበረዎት። አድራሻው በሠራተኞች ማኅደርዎ ውስጥ፣ ከስንብት ደብዳቤው ቀጥሎ ይገኛል።