ከእናታችን አልጋ ሥር ያለው ፊልም

ለእትዬ ሰገን ወልደአረጋይ፣ ጅቡቲ

እትዬ ሰገን፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አዲሱን ዓመት በሕይወት ተቀብለናል። በሕይወት ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ስታነቢ ይገባሻል።

ክረምቱን ከሥራ በኋላ ካዛንቺስ የፈረንሳይ ሲኒማ ታሪክ ስማር ነበር። አስተማሪያችን ኢያቄም ፈረንሳይ የተማረ ሰው ነው። መጀመሪያ ድምፅ የሌለው ፊልም ሲያሳየን እንቅልፌ መጣ። ኋላ ዓይኔ ለመደ፤ አፍ ዝም ብሎ ፊት ብቻ ሲናገር ማየት ጀመርኩ። አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ላይ ሲሠራ ውሎ ማታ ለብቻው ፈገግ የሚለው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አንድ ቀን ኢያቄም የእሳቱን ታሪክ ነገረን። ሲኒማ በተወለደ በሁለተኛው ዓመት ፓሪስ ውስጥ አንድ ባዛር ላይ ከፊልም ማሳያው መብራት የተነሣ እሳት ከመቶ በላይ ሰው ፈጀ። "የድሮ ፊልም ራሱ ባሩድ ነው" አለን። አባታችን ሲኒማ ቤቱ ሲጥላቸው ያመጣቸው የፈረንሳይ ፊልሞች ትዝ አሉኝ። ቆርቆሮዎቻቸውን እናታችን ለሽሮና ለበርበሬ ስለወሰደቻቸው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለው ከአልጋዋ ሥር ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ከአንዱ ጫፍ ቆርጬ ወሰድኩለት። ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየውና "ይህን ማን ቤቱ አስቀምጦ ይተኛል?" አለ። "እናቴ" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ግቢ ውስጥ ጣት የምታህል ቁራጭ ለኮሰ፤ ቦግ አለች። ውሃ ውስጥ ከተታት፤ እዚያም ነደደች። ከሰው የራቀ የብሎኬት መጋዘን ስላለው እዚያ ላስቀምጥላችሁ አለኝ።

እናታችንን ታውቂያታለሽ። "አባትህ ዕድሜውን ሙሉ አልጋው ላይ ሲያጨስ ያልነደደ፣ ዛሬ አንተ ስለተማርክ ይነዳል? የወልደአረጋይን እቃ ሰገን ካላለች አላወጣም" አለች።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከሥራ ስገባ፣ እንደ አገራችን ልማድ አሮጌው ዓመት ከየጥጉ ይውጣ ብላ የተለኮሰ የሽግ ችቦዋን ይዛ "ሆየ ሆየ" እያለች መኝታ ቤት ገብታለች። የችቦው ፍንጣሪ አልጋው ሥር ይረግፋል። ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። እንደምንም ደርሼ ነጠቅኋትና ደጅ ወረወርኩት። ጎረቤታችን እማማ ጀማነሽ በሩ ላይ ቆመው "ኧረ ይሄ ልጅ ምን ነካው! ዓመቱን ሊያጨልምብን ነው?" አሉ። እናታችን እስካሁን አኩርፋኛለች። የእኛ ግድግዳ የእማማ ጀማነሽም ግድግዳ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ በዚያ ቀጭን መንገድ አይገባም። ሌሊት ጭስ የሸተተኝ እየመሰለኝ እነቃለሁ።

እባክሽ በቶሎ ጻፊላት። "ስጪው" በያት፤ ሌላ አያስፈልግም። መስቀል ደርሷል፣ እንደገና ችቦ አለ።

ለባለቤትሽ ለሃፍቶም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሉሊንና ፍሬሰላምን ሳሚልኝ። እማማ ጀማነሽ ሰላም ብለውሻል። እናታችንም እኔን ባታናግረኝም አንቺን ትስምሻለች። ዛሬ ጠዋት ከሣጥኑ አጠገብ ውሃ የሞላ ባልዲ ማስቀመጧን አየሁ። ውሃ እንደማያጠፋው አልነገርኳትም።

ወንድምሽ ተኽላይ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም.