የጋሮምሳ ትንፋሽ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሮምሳ፣ የጌታ ሰላም ባለህበት ያግኝህ። እኛ የአዳማ ሙቀት ካልሆነ በቀር ምንም አልሆንንም። አባዬ ከሞጆ ሥራው ጡረታ ወጥቶ ቤት ውሎ ይነጫነጫል።

የቀርከሃ ዋሽንት ልማር ብለህ ጃፓን ስትሄድ ከሁሉም በላይ የሳቅኩብህ እኔ ነበርኩ። አሁን ግን የምትልከውን የዋሽንትህን የድምፅ ቅጂ ከእራት ጸሎት በኋላ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንሰማለን። እማዬን የሚይዛት ዜማው አይደለም። በአስምህ የተነሳ አየር ስትስብ ሲር የምትለዋን ድምፅ ነው የምትጠብቀው። ስትሰማት «ይኸው ልጄ» ትልና ወጡን ታወጣለች።

ፎቶውም ደርሶናል። ነፊዎቹ በወጋቸው ፊት የሚሸፍን ቅርጫት እንደሚያጠልቁ ቀድመህ ስለጻፍክልን አልደነገጥንም። እማዬ ብቻ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከነፊዎቹ መካከል ጣቶችህን ስትፈልግ ታመሻለች።

ያለፈው ሳምንት ቅጂ ከጎኑ ምንም ጽሑፍ አልነበረውም፤ ዜማው ግን ከእስከዛሬው ሁሉ ያምራል፣ አንድም ቦታ አይቆራረጥም። ደጋግመን ከፈትነው። ሲር የምትለዋን አጣናት። አባዬ «ልምምዱ ሳንባውን አጠንክሮለት ነው» አለ። እማዬ ግን ወጡን አላወጣችም፤ ምድጃው ላይ ቀዘቀዘ።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ጎረቤታችን ጂቱ ናፍቆቴን ንገሪልኝ ብላለች። ጌታ በክንፉ ይጋርድህ። ደግሞ በሚቀጥለው ስትልክልን ዋሽንቱን አስቀምጠውና፣ ቅርጫቱንም አውልቀህ፣ እንዲሁ ትንሽ ተንፍስልን።

እህትህ ሌንሳ