ነጠላሽን ያዘቀዘቅሽበት ቀን

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ለእናቴ፤

ክረምቱን እንዴት አለፍሽው? ጉልበትሽ ከዳባት ብርድ ጋር ታረቀ ወይ? ትንንሾቹስ እንዴት ናቸው? ታናሿን ሳል ይዟት ነበር ብላ ሐረገወይን ነግራኛለች፤ ማር በነጭ ሽንኩርት ስጫት። አያ ጎሹንም ሰላም በይልኝ። ከልቤ ነው፤ ባልሽ በእኔ ላይ ክፉ አድርጎ አያውቅም። እኔ በጤና አለሁ። ደክሞኛል እንጂ አልታመምሁም።

ይህን የምታነብልሽ ሐረገወይን ናት። አብራኝ ስለ ተማረች እጅ ጽሕፈቴን ትለየዋለች፣ ምስጢርም ታውቃለች። ለቄስ እንዳትሰጪው። እንዲያም ሆኖ ድምፅ ከቤት ይወጣል። ደግሞም ያን ሰው ሁለተኛ በዝምድና እንዳልጠራው ችሎቱ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ «ያ ሰው» እያልሁ እጽፋለሁ። ማንን እንደምል ታውቂያለሽ።

የምታውቂውንም ጨምሬ እጽፋለሁ፤ ችሎት ፊት እያቋረጡኝ አንድ ጊዜም ጨርሼ አልተናገርሁትምና።

አባቴ የሻው ጣሊያን በገባ ጊዜ ሲዘምት የወተት ጥርሴ መውለቅ ጀምሮ ነበር። ከዚያ፣ በጥይት ተመትቶ ወንዝ ዳር ሲወድቅ አየነው የሚሉ ሰዎች መጡ። ሬሳ አልመጣም። ፍትሐቱን አባ ወልደኢየሱስ ፈቱ፤ ተዝካሩን አጎቴ ደሴ አወጣ፤ መሬቱንም ደሴ አረሰው። አንቺ ብዙ ዘመን አልቅሰሽ አያ ጎሹን አገባሽ። በዚህ አልፈርድብሽም። ፈርጄብሽም አላውቅም።

ባለፈው ሁዳዴ ያ ሰው እዚህ ጎንደር አስተምርበት ወደ ነበረው ትምህርት ቤት መጣ። የለበሰው ካኪ ኮት ከትከሻው በታች ተበጣጥሶ ነበር። አጥሩን የሚከረክም አትክልተኛ ስንጠብቅ ስለ ሰነበትን እርሱ መሰለኝ። ማጭዱ ከዘበኛው ዘንድ ነው፣ ከበሩ ጀምር ብዬው አለፍሁ። ማጭዱን ተቀብሎ አጥሩን ሲከረክም አረፈደ። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ባጠገቡ ሳልፍ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጭራሮዬ፣ ይህን ያህል ከቆረጥሁት ይበቃል?» አለኝ።

ጭራሮዬ ብሎ የጠራኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ቀጭን ስለ ነበርሁ ነው። አንቺ በልጄ አታሟርትባት እያልሽ ትቆጪው ነበር። እዚያው ከቆረጠው ቅጠል ላይ ተቀመጥሁ። ኋላ፣ ሰው ከሩቅ አገር ሲመጣ ውሃ ይሰጡታል፣ ለእኔ ማጭድ ሰጡኝ እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የት እንደ ኖረ ነገረኝ። ቆስሎ ተማረከ። በጣሊያን ማኪና ተጭኖ ወደ ባሕር፣ ከዚያም ሱማሌ አገር እስር ቤት ወረደ። ሲፈታ ሱዳን ገብቶ ጥጥ ሲለቅም ኖረ። ምነው ቶሎ አልመጣህም አልሁት። መተማ ድረስ መጥቶ ነበር። እዚያ ያገኘው ያገር ሰው፣ ተዝካርህ ወጥቷል፣ ሚስትህም አግብታለች አለው። ተመለሰ። ሲያረጅ ግን የሰው አገር አፈር ፈራ።

ይዤው ወደ ዳባት የመጣሁ ዕለት አንቺ ገበያ ነበርሽ። ደሴ ደጁ ላይ ቁሞ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። «የወንድሜን ተዝካር ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ ሁለት በሬ ጥየበታለሁ። ሙት ከሆንህ ተኛ፤ ሰው ከሆንህ የራስህን ስም ይዘህ ና» አለው። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አንዱም ከኋላ፣ እርሱ ከሆንህስ በተዝካርህ ቀን ጠላ ቀጥኖ ነበር፣ ክሰን ብሎ ቀለደ። ያ ሰውም፣ ደሴ ከልጅነቱ ጠላ ሲያቀጥን ነው የማውቀው አለ። ያን ጊዜ ደሴ እንዳወቀው አወቅሁ፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

ክሱን የመሠረትሁ እኔ ነኝ። እርሱ አልፈለገም። መሬት ምን ያደርግልኛል፣ የሚቀብረኝ ካገኘሁ ይበቃል ይል ነበር። እኔ ግን ሰው በሕይወት ሳለ ስሙን ሊቀማ አይገባውም አልሁ። አሁንም እላለሁ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ፋሲካ አለፈ፣ ትምህርትም ተከፈተ። ሸዋአየሁ የምትባል፣ ጠበቃ ሆና የተወለደች ተማሪ አለችኝ። በግብረ ገብ ሰዓት እጇን አወጣች። ጌታ መነሣቱን የምናምነው ሰው ሁሉ ስላለ ነው ወይስ ያየ አለ? ስትል ጠየቀችኝ። ሌሎቹ አጉረመረሙባት። እኔ ደስ አለኝ፤ ያን ሰሞን ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝምና።

እንዲህ አልኋቸው። መቃብሩ በሩቅ አገር ቢሆን ኖሮ ማንም እንዳሻው ባወራ ነበር። ተነሣ ተብሎ የተሰበከው ግን በተቀበረበት ከተማ፣ በሰቀሉት ሰዎች ፊት ነው። ሬሳውን አውጥተው ቢያሳዩ ነገሩ ያን ቀን ባበቃ። እነርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት አሉ፤ ሰረቁት ማለት መቃብሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ጠባቂዎቹም የተሰረቀው ተኝተን ሳለን ነው ብለው መሰከሩ። የተኛ ሰው ሌባውን በምን ዓይኑ አየው? ስል ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ደግሞ አልሁ፦ ሰው እውነት መስሎት ለተቀበለው ሐሰት ሊሞት ይችላል። ራሱ ቁጭ ብሎ ለፈጠረው ሐሰት ግን ማን አንገቱን ይሰጣል? ከአንዲት ገረድ ጥያቄ የሸሸ ጴጥሮስ ምን አይቶ ነው በአደባባይ የቆመ? ጳውሎስም፣ ጌታ ከአምስት መቶ ለሚበልጡ ታየ፣ ብዙዎቹም ገና በሕይወት አሉ ብሎ ሲጽፍ ሂዱና ጠይቋቸው ማለቱ ነው።

አጥብቄ የነገርኋቸው ግን የሴቶቹን ነገር ነው። በዚያ ዘመን በዚያ አገር የሴት ቃል በዳኛ ፊት ብዙ ዋጋ አልነበረውም። ታሪኩን የፈጠረው ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ የሚልከው የተከበሩ ወንዶችን ነበር። የተጻፈው ግን ሴቶች አዩ፣ ለወንዶቹ ነገሩ፣ ወንዶቹም ቅዠት መስሏቸው አላመኗቸውም ተብሎ ነው። ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ ያለ ኀፍረት አይፈጥርም። እንዲህ የተጻፈው እንዲህ ስለ ሆነ ነው። ከሴቶቹም አንዷ፣ ጌታን ፊት ለፊት እያየችው፣ አትክልተኛ መስሏት ነበር አልሁ። ጠመኔውን አስቀምጬ በመስኮቱ የተከረከመውን አጥር አየሁ።

ሸዋአየሁ እጇን እንደገና አወጣች። ታዲያ በምን አወቀችው? አለች። ስሟን ሲጠራት አልኋት።

ይህን የምጽፍልሽ ላስተምርሽ ብዬ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ የምትጾሚ አንቺ ነሽ። ችሎት ላይ ያልሁት ከየት እንደ መጣ እንድታውቂ ነው። አንቺ እስክትጠሪ ውጭ ስለ ቆየሽ አልሰማሽኝም። ስለ ጭራሮዬ ስናገር የመካከሉ ዳኛ ፈገግ ብለው፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያስታውሰው ጡትና ቁንጥጫ ነው አሉ። ሰው ሳቀ። በግራ ብብቱ ሥር ስላለው ጠባሳ ስናገር ደሴ፣ በዚህ አገር ጠባሳ የሌለው ወንድ ካለ እርሱን አሳዩኝ አለ። ደግሞ ሳቁ። ያን ጊዜ ከአፌ አመለጠኝ።

«ጌቶቼ፣ ትንሣኤን መጀመሪያ አይተው የነገሩን ሴቶች አይደሉም? የሴት ቃል ለሃይማኖታችሁ ከበቃ፣ ለአንድ ማሳ መሬት ምነው አነሰ?»

አባ ወልደኢየሱስ ተነሥተው፣ መንገድ አዳሪውን ከጌታ ጋር አስተካከለችው አሉ። አላስተካከልሁም። ጌታ ሞቶ ተቀብሮ ተነሣ፤ ይህ አልሞተም፣ አልተቀበረም። ልዩነቱን አውቃለሁ። እኔ የተናገርሁ ስለ ምስክር ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ አልነበረም።

ከዚያ አንቺን ጠሩሽ።

ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናንበሽ ገባሽ። ያን ጠባሳ ገና ቁስል ሳለ ያጠብሽው፣ የቀሚስሽን ጫፍ ቀደሽ ያሰርሽው አንቺ ነሽ። ከእርሱ ራቅ ብለሽ ቆምሽ። ወንጌሉን ዘረጉልሽና እጅሽን አነሣሽ። ምን ልትዪ እንደ ነበር አላውቅም፤ እስከምሞትም አልጠይቅሽም። ያ ሰው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ጌቶቼ፣ ይህችን ሴት አታምሏት። አላውቃትም፤ እርሷም አታውቀኝም» አለ።

ታዲያ አንተ ማን ነህ አሉት።

«መንገደኛ ነኝ። ቸግሮኝ የሰው ስም ተዋስሁ።»

እርሱን ስለ ሽምግልናው ማሩት። እኔ የሐሰት ምስክር ተብዬ ተጻፍሁ። ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ ሹም ጠርተው፣ በአንቺ ክፋት የለንም፣ ነገር ግን በሐሰት የመሰከረች ሴት ልጆች አታስተምርም አሉኝ። ሸዋአየሁ እስከ በሩ ሸኘችኝ። እኔ አምኜሻለሁ አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ልጅ።

ከዳባት ስንመለስ ለጎንደር ጥቂት ሲቀረን ወለቃ ላይ አረፍን። እዚያ ምነው ገደልኸኝ አልሁት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ። «በሐሰት ብትምል ማተቧ ይበጠሳል። እውነቱን ብትናገር ልጆቿ ዲቃላ ይባላሉ። እኔ እንደ ሆነ አንዴ ሞቻለሁ፤ ሁለተኛው አይከብድም።» እኔስ? አልሁት። አንቺማ ትችያለሽ አለኝ። ጭራሮ ቶሎ እንደሚነድ ረስቶት ነው። ተናድጄበት ነበር፤ አሁንም ማለዳ ማለዳ እናደድበታለሁ፤ ሲመሽ ድካሙ ያሸንፈኛል።

እናቴ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ እርሱን ሲያይ እኔ አንቺን አየሁ። ስትገቢ የነጠላሽ ጥለት እንደ ወጉ ወደ ታች ነበር። ስትወጪ አዘቅዝቀሽዋል፤ ጥለቱ አንገትሽ ላይ ነበር። አያ ጎሹ አላስተዋለም፣ ደሴም አላስተዋለም። ያን ሰሞን የሞተ ዘመድ የለሽም፤ ጠይቄያለሁ። ሐረገወይን እስከ ዛሬ እንዳልመለስሽው ነግራኛለች። ለማያውቁት መንገደኛ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ማን ነው?

በወንጌሉ ላይ ልትናገሪ ከነበረው ይልቅ ይህን አምናለሁ። ለዳኛ አላቀርበውም፤ ምስክር ማቅረብ ሰልችቶኛል። ቶማስ እንኳ የሚያምናቸውን ወንድሞቹን ሁሉ ሰምቶ አላመነም። ማስረጃ ሰውን እስከ በሩ ያደርሰዋል፤ መግባት የራሱ ነው።

አሁን ቁስቋም ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሰፈሩን ሴቶች ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ለሰውም ማመልከቻ እጽፋለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ አትክልተኛ ገብቷል። ካህናቱ ስሙን ሲጠይቁት መንገደኛ ስላላቸው፣ አያ መንገደኛ ይሉታል። ከፈረሰው ግንብ ሥር ጽጌረዳ ተክሏል፤ ዘንድሮ የጽጌ ጾም ሲገባ ፈነዳ። ክረምቱ ግን ደረቱ ውስጥ ቀርቷል። ሲኮተኩት እየቆመ ያስላል። ሌላ ክረምት የሚያይ አይመስለኝም።

ኅዳር ስድስት ቁስቋም ትነግሣለች። ተሳልሜ ልምጣ ያለችን ሴት ማንም አይከለክላት። ከሐረገወይን ጋር ነይ፤ ትንንሾቹንም አምጫቸው፣ ጽጌረዳ ይስጣቸው። እኔ በሩ ላይ አልቆምም፤ ይህ ነው ብዬም አላሳይሽም። ከግንቡ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚኮተኩት ሰው ታያለሽ። አጠገቡ ዝም ብለሽ ቁሚ። አንቺን ብቻ የሚጠራበት ስም ነበረው፤ ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። ቢጠራሽ መመለሱን ለአንቺ ትቻለሁ።

ሐረገወይን አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተቺው። የቁስቋሟ እመቤት ጉልበትሽን ታበርታልሽ፣ ትንንሾቹን ታሳድግልሽ፣ ለአያ ጎሹም ቤቱን ሰላም ታድርግለት። ምርቃትሽ ከእኔ አይራቅ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስትመጪ ነጠላሽን መልሺው፤ ጥለቱ ወደ ታች ይሁን። የሞተ ሰው የለም።

የሁለታችሁም ልጅ