አጎትህ የሚያቃጥላቸው ሸረሪቶች

ልጄ ከፋለ፣ ግብፅ አገር ውሃ ውስጥ ቆመህ ሩዝ የምትተክልበትን እግርህን የደብራችን የእንዳ ኢየሱስ አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። ይህን የምትጽፍልህ እህትህ የትምወርቅ ናት፤ ዓይነ አፋርነቷ አለቀቃትም።

አጎትህ ታመነ ባለፈው በጋ ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣበት። «ሸረሪት ሸናብኝ» ብሎ የላይኛውን ማሳ ድንበር ሣር ከነሸረሪቱ አቃጠለው። ዘንድሮ የዚያን ማሳ ጤፍ ፌንጣ ጨረሰው። የተረፈልን የታችኛው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ «የታችኛው ድንበር ሣር ይድረቅ እንጂ እሱንም አቃጥለዋለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ምን እንበላለን?

እህትህ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ድር የሚያደሩ አሉ፣ ዘለው የሚይዙ አሉ፣ ልጆቻቸውን አዝለው የሚሮጡም አሉ፤ ፌንጣውን የሚበሉት እነሱ ናቸው ትላለች። «ለአጎትሽ ንገሪው» ብላት «እማ፣ እሱ ፊት አፌ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። እኔ ብነግረው «የሴት ወሬ» ብሎ ሳቀ።

አንተ በሩዙ መሃል ስንት ዓይነት ሸረሪት እንዳለ፣ ገበሬዎቹም እንደማይነኩት ጽፈህልን ነበር። እባክህ ልጄ፣ ይህንኑ ለእሱ ጻፍለት፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ያምናል። በሄድክበት ሁሉ ሰው ይውደድህ፣ እንጀራህ አይጉደል። መልስህ እስኪደርስ ክብሪቱን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ።

እናትህ ማዘንጊያ