ከውስጥ የሚቆለፍ በር

ለወንድሜ ለኸይሩ፣

ከሰላምታዬ በፊት የደረሰኝን ወሬ ላርም። «ሀፊዛ የልጅ ልጇን ቆልፋባት ገበያ ትውላለች» መባሉን ሰማሁ። በሩ መቆለፉ እውነት ነው። ግን የሚቆለፈው ከውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ እኔም ከፋሪዳ ጋር ውስጥ ነኝ። ያወራውን ሰው እንዲህ ብለህ አርምልኝ።

አሁን ሰላም ልበልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለህ? ክረምቱ ደሴ ላይ በደህና ወጣላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ሐኪሙ የፋሪዳ ነገር ኦቲዝም መሆኑን፣ ያዘዘላት እንክብልም ቁጣዋን ያበርድ እንደሆነ እንጂ እሱን እንደማይነቅል ነግሮኝ ነበር። አበረዳት። ግን እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር። እንግዳ ሲመጣ ደጅ የወለቀውን ጫማ እያጣመረች መደርደር ትወድ ነበር፤ እሱንም ተወችው። ስለዚህ ሐኪሙ በጥቂት በጥቂቱ እያስቀነሰ በሌላ ለወጠላት። የለውጡን ሰሞን አላህ ለጠላትም አይስጥ፤ የጥርሷ ምልክት እስካሁን ክንዴ ላይ አለ።

አሁን እጇ ረግቷል። ትናንት አከራያችን ራሕሞ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትመጣ ፋሪዳ ጫማቸውን ሁሉ ደረደረችው፤ የራሕሞን አንዱን እግር ጫማ ደብቃ ሳቀች። ልጄ ሀሲና ይህችን ልጅ ጥላብኝ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት እንዲያ ያለ ሳቅ አልሰማሁም።

ነገር ግን ስትነቃ እግሯም አብሮ ነቃ። ሰፈራችን፣ እዚህ ሀርጌሳ ያለው ጅግጅጋ ያር፣ ዙሪያውን እየተገነባ ነው። መኪና ጠጠር ሲገለብጥ ከሰማች ጎማ ሥርም ቢሆን ትሮጣለች፤ እኔ ደግሞ ሮጬ አልደርስባትም። ስለዚህ ተቆልፈን እንውላለን። ራሕሞ «አሮጊቷ፣ ከሁለታችሁ እስረኛዋ ማናችሁ?» እያለች ታሾፍብኛለች።

ከቀድሞው እንክብል ግማሽ ብልቃጥ ተርፏል። አንዷን ብሰጣት እሷ ትተኛለች፣ እኔም ወጥቼ ሰው አያለሁ። ብልቃጡን ይዤ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። አንተም «ያንኑ ስጪያትና ደሴ ይዘሻት ነይ» ብለህ ልከህብኛል። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልቀበለውም። አደንዝዤ የማመጣልህ ልጅ ፋሪዳ አይደለችም።

ለባለቤትህ ለዘይነባ ሰላም በልልኝ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል። ትንሹን ልጅህን ጀማሉዲንን ሳምልኝ። ትልቁን ሙጂብን ደግሞ ሰላም ካልከው በኋላ፣ የጻፈልኝ ወረቀት አንድም አራት ነጥብ እንደሌለው ንገረው።

ነገ ሱብሂን እንደሰገድኩ መጀመሪያ ብልቃጡን ለሐኪሙ ለመመለስ በሻሼ ጫፍ እቋጥረዋለሁ። ከዚያ የፋሪዳን ጫማ አስራለሁ። መኪኖቹ ሳይመጡ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ እጇን ይዤ ጠጠሩ ክምር ድረስ እወስዳታለሁ፤ እስኪበቃት ትዝገን። መኪኖቹ ሲመጡ እንመለሳለን።

እህትህ ሀፊዛ
ሀርጌሳ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.