የጋሼ እግርና ቀዝቃዛው ቅባት

ጥቅምት 5
ምንም አዲስ ነገር የለም። ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ተከልኩ፣ ክር ለቀምኩ፣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ኪስ ሰፍቼ ዘጋሁት። እጁን ሊከት ሲታገል ፊቱን ባያችሁት... አጎቴ ጋሼ፣ "አንቺ መዘዝ፣ ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው?" ሲል ጢሙ ስር ስቋል። አይቼዋለሁ።
እግሩ ግን ያው ነው። ስኳር ያመጣበት ቁስል፣ አውራ ጣቱ ስር፣ አልድን ብሎ ከረመ። ዶክተሩ "ካልዳነ ይቆረጣል" ብሏል። ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪናውን በምን ሊረግጥ?

ጥቅምት 9
አዲስ መድኃኒት ሙከራ ውስጥ አስገቡት። ቅባት ነው፣ ውስጡ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለ። የክሊኒኩ ሲስተር እንዳለችው መልእክት ነው። ሴሉን "ቆዳ ሥራ፣ ደም ስር ዘርጋ" ይለዋል፣ ተናግሮ ሲጨርስ ይጠፋል። ከባዮሎጂ ጋር አስረኛ ክፍል ላይ ተጣልተናል፣ ይሄ ግን ገባኝ። አክስቴም መልእክት ታደርሳለች፣ እሷ ግን አትጠፋም።
ቅባቱ ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው ይቀባል። ሙቀት ከነካው መልእክቱ ይበጣጠሳል። ጋሼ ይሄን አልሰማም፤ "ይሄ ውሸታም ነው!" እያለ ከክሊኒኩ የክብደት ሚዛን ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

ጥቅምት 11
ቅባቱን ስቀባው ቅዝቃዜው አንዘፈዘፈው። "በረዶ ምኑ ነው መድኃኒት?"
"አልነገሩህም እንዴ ጋሼ? ብርዱ ሲገባ ጣት ከጣት ይጣበቃል። እንደ ዳክዬ።"
እግሩን አየ። እኔን አየ። "ከነገ ጀምሮ ራሴ እቀባለሁ" አለ። ሳቄን በትራስ አፈንኩት።

ጥቅምት 30
ቁስሉ ፍንክች አላለም። ዶክተሩ የቀዶ ጥገና ቀን ቆረጠ። ጋሼን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኩት። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ... እኔ!

ኅዳር 2
የቅባቱ ቱቦ የፈላ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። ጋሼ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።
"ምን እያደረግህ ነው?!"
"እያሞቅሁት ነዋ። ዳክዬ ልሁን?"
ይኸው ስንት ጊዜ መልእክቱን ቀቅሎ ሲቀባ ከረመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... ቀልዴን እንደነበር ነገርኩት። ይሰድበኛል ስል፣ "እግሬ እኮ ነው" አለ ብቻ።
ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 3
ለሲስተሯ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ዳክዬዋንም ጭምር። ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ አብጠለጠለችኝ። ከዶክተሩ ጋር ተነጋግራ መጣች። እንደገና ይጀመራል፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ በእሷ እጅ። የቀዶ ጥገናው ቀን ግን እንዳለ ነው።

ኅዳር 20
የቁስሉ ጠርዝ ሮዝ ሆኗል። ወይስ ዓይኔ ነው? ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 6
የቀዶ ጥገናው ቀን። ሱቁን ዘግቼ ክሊኒኩ ስደርስ ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ብርድ ልብሱ ስር አንድ እግር ብቻ። በታመመው በግራ በኩል... ልሙጥ።
አልጋውን ይዤ ነፍሴ እስክትወጣ አለቀስኩ። "በእኔ ነው ጋሼ፣ በእኔ ምላስ..." አልጋው ተንቀጠቀጠ። እሱም የሚያለቅስ መስሎኝ።
እየሳቀ ነው! እግሩን አጥፎ ከስሩ ደብቆታል! ሲስተሯ በር ላይ ሆዷን ይዛለች። ቁስሉ የምስር ፍሬ ያክላል፤ ዶክተሩ ጠዋት አይቶ ቀዶ ጥገናውን ሰርዞት ኖሯል።
"አንቺ ብቻ መሰልሽ ቀልድ የምታውቂ?" አለኝ፣ እንባውን እየጠረገ። የእኔንም ጠረገው።
ጫማውን አሰርኩለት። የሁለቱን ማሰሪያ እርስ በርስ ለማያያዝ እጄን በላኝ...
ተውኩት። ለዛሬ።